የሆደ ጸጉሮች ቅርፊትና እሾህ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ያገኘኝ ሰው መጀመሪያ «ምን እያየህ ነው?» ይለኛል። ካሳየሁት በኋላ ደግሞ «ውይ፣ ጃርት ይመስላል! ስሙ ማነው?» ይላል። ስሙ ጋስትሮትሪክ ነው፤ እኔ ሆደ ጸጉር እለዋለሁ። ስለሱ ከተማሪዎች፣ ከባዮሎጂ መምህራንና ከላቦራቶሪ ሠራተኞች ደጋግመው የመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የመልሶቼ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፦ እሾሁን አይታችሁ ስም ለመስጠት አትቸኩሉ፤ እሾሁ የበቀለበትን ቅርፊት ፈልጉ።

ጋስትሮትሪክ ምንድን ነው?

በዓይን የማይታይ የውሃ እንስሳ ነው። በወንዝና በሐይቅ ውሃ የሚኖሩት አብዛኞቹ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ይረዝማሉ። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮሜትር ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን አስር ያህል ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሯቸው ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት።

ባክቴሪያ አይደለም። ፕሮቶዞዋም አይደለም። አፍ አለው፣ ጡንቻማ ጉሮሮ አለው፣ አንጀት አለው፣ አንጎል አለው፣ እንቁላል ይጥላል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ፓራሜሲየም (ባለ አንድ ሴል ደቃቅ ፍጥረት) በማይበልጥ ገላ ውስጥ መግባቱ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ጆብሎ እ.ኤ.አ. በ1718 ባሳተመው ሥራ ላይ አንዱን ስሎታል። ጋስትሮትሪክ የሚለውን የወል ስም ያወጣው ግን ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1865። በኋላ፣ በ1908፣ በሰውነት መከላከያ ላይ በሠራው ሥራ ኖቤል የተሸለመው ሰው ማለት ነው። ስሙ ከግሪክ «ሆድ» እና «ጸጉር» የመጣ ነው። በሆዱ በኩል በሁለት መስመር የተተከሉ ደቃቅ ጸጉሮች አሉት፤ በእነሱ እየቀዘፈ ይንሸራተታል። እኔም ለልጆች ሳስረዳ «ሆደ ጸጉር» እለዋለሁ፤ ቶሎ ይገባቸዋል።

እዚህ አካባቢ የት ልፈልግ?

በሚጋልብ ውሃ መሃል አትድከሙ። ውሃ የተኛበትን ፈልጉ። ቦርከና ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ዳርና ዳር ላይ ዘወር ብሎ የሚተኛባቸው ቦታዎች አሉት። እዚያ ላይ የተጠራቀመው ለስላሳ ዝቃጭ የላይኛው ሽፋን ጥሩ ነው። የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ከሆነማ የበለጠ ጥሩ።

ሌላው ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ሐይቅ ከተማ ናችሁ። በሐይቁ ዳር ያለውን የፊላ ግንድ፣ ውሃ ውስጥ የገባውን ክፍል፣ በማንኪያ ፋቅ አድርጉና ማሰሮ ውስጥ ጨምሩት። ያ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ቤታቸው ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ምንጭ አጠገብ ያለ እርጥብ ሞስ ጨምቆ ማየትም ያዋጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ የወንዙን ደለል ጠራርጎ ስለሚወስደው ከወንዝ ብዙ አትጠብቁ። መስከረም አልፎ ውሃው ሲረጋ ሂዱ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ገደማ። በአንድ ቀን ከብርዱም ከሙቀቱም ውሃ መቅዳት ስለምትችሉ ያንን ዕድል ተጠቀሙበት። በየጠርሙሱ ላይ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ሳምንት ሳይሞላው የማይታወቅ ውሃ ይሆናል።

በሽታ ያመጣል?

እሱ አያመጣም። ባክቴሪያ፣ ደቃቅ አልጌና ብስባሽ እየዋጠ የሚኖር ምስኪን ነው። ውሃው ግን ሊያመጣ ይችላል። በሐይቅና በሐርቡ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ። ቦቲ ጫማና ጓንት ይኑራችሁ፣ ናሙናውንም ከዳር ቆማችሁ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ማንኪያ ቅዱ። ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ሳትናገሩ ከመኪና አታውርዷቸው።

ከሮቲፈር በምን እለየዋለሁ?

ሮቲፈርም ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነው። ራሱ ላይ የሚሽከረከር መንኮራኩር የሚመስል ጸጉር አለው፣ ሆዱ አካባቢ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያላምጥ መንጋጋ ይታያል። ሆደ ጸጉር የሚያላምጥ ነገር የለውም። ጉሮሮው ቀጥ ያለ ወፍራም ቱቦ ነው። ጭንቅላቱ ሦስት ወይም አምስት ጎበጥ ጎበጥ ያለ ዳር አለው። አንገቱ ቀጠን ይላል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ ጅራቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሹካ ይሆናል። በሹካው ጫፍ በሁለቱም በኩል ማጣበቂያ ቱቦ አለ። ሲፈልግ በዚያ ስላይዱ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ሲፈልግ ይለቃል። ማጣበቂያውን የሚያወጣው አንድ ዕጢ ነው፣ የሚያላቅቀው ሌላ።

ለምን በቅርፊት? በመጠንና በቀለም አይበቃም?

ቀለም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ አንጀታቸው ውስጥ የምታዩት አረንጓዴ የበሉት ነው። መጠንም ብቻውን አይሆንም። ብዙ ዝርያዎች 150 ማይክሮሜትር አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። የሰውነታቸውም ቅርጽ ያው ነው፦ ጭንቅላት፣ አንገት፣ ግንድ፣ ሹካ።

የሚለያዩት በልብሳቸው ነው። ቆዳቸውን የሸፈነው ኩቲክል በየዝርያው የተለየ ቅርፊት ይሠራል። ዓሣ የጠረገ ሰው ቅርፊት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ይደረባል። እዚህም እንደዚያው ነው። አንዱ ዝርያ ክብ ይለብሳል፣ ሌላው ሞላላ፣ ሌላው ባለሦስት ማዕዘን፣ ሌላው እንደ ሦስት ቅጠል የተከፈለ። አንዱ ይደራርባቸዋል፣ ሌላው በመሃላቸው ክፍት ቦታ ይተዋል። አንድ ቅርፊት ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ነው ሥራው ትዕግሥት የሚፈልገው።

ጂነሱን በቅርፊት ብቻ ማወቅ ይቻላል?

በብዛት ይቻላል። ጂነስ ማለት ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ምድብ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ስሞቹ ራሳቸው መልሱን ይዘዋል። ግሪክኛውን አንዴ ከፈታችሁት አትረሱትም።

ቆዳው ልሙጥ ከሆነ፣ ቅርፊትም እሾህም ከሌለው፣ ኢክቲዲየም ነው። «ትንሽ ዓሣ» እንደማለት ነው። ጠፍጣፋ ቅርፊት ኖሮት እሾህ ከሌለው ሌፒዶደርሜላ ነው፤ ስሙ ውስጥ «ቅርፊት» እና «ቆዳ» አሉ። ቅርፊቱ ጠፍጣፋ ሳይሆን በመሃሉ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሸንተረር ካለውና እሾህ ከሌለው ሄተሮሌፒዶደርማ ነው። ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

አስፒዲዮፎረስ «ጋሻ ተሸካሚ» ማለት ነው። የሱ ቅርፊት ቆዳው ላይ አይተኛም። ከቆዳው ላይ ቀጭን እግር ይበቅላል፣ በእግሩ አናት ላይ ቅርፊቱ ይዘረጋል። ክረምት ላይ ፒያሳ ላይ ዝናብ ሲጥል ከፎቅ ሆናችሁ ወደ ታች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ አይታይም፣ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። አስፒዲዮፎረስን ከላይ ስታዩት እንደዚያ ነው። እግሩን ለማየት የጎኑን ዳር ፈልጋችሁ ፎከስ ማድረግ አለባችሁ። ከዳር በኩል በቆዳውና በጥላዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ይታያል።

ከቅርፊቱ ላይ እሾህ ከበቀለ ደግሞ ኬቶኖተስ ነው፤ «እሾሃም ጀርባ»። ኤረንበርግ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830 ነው ስሙን የሰጠው። ትልቁ ጂነስ ይሄ ነው፣ ከ200 በላይ ዝርያ አለው። ስለዚህ «ኬቶኖተስ ነው» ብላችሁ ብታቆሙ ገና በር ላይ ናችሁ።

ሹካው ከመጠን በላይ ረዝሞ እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ ካለው ፖሊሜሩረስ ነው። «ብዙ ክፍል ያለው ጅራት» ማለት ነው። እሱን ጅራቱ ብቻ ያስታውቀዋል።

ማጣበቂያ የሌላቸው፣ በውሃው መሃል የሚዋኙም አሉ። ዳሲዲቴስና ስታይሎኬታ ረጃጅም እሾሆቻቸውን በጡንቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዳንዴ በዚያው ተስፈንጥረው ከዕይታ ይጠፋሉ። ጭንቅላቱ ላይ እንደ ዱላ አናቱ ያበጠ ጥንድ ቀንድ ካያችሁ ደግሞ ወደ ኒዮጎሲያና ወደ ኪጃኔባሎላ ቤት ሂዱ። ኪጃኔባሎላ የኡጋንዳ ሐይቅ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዚያ በተገኘ እንስሳ ላይ ነው ጂነሱ የተሰየመው። የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቅ ስም በዓለም መጻሕፍት ላይ የገባው በእንዲህ ዓይነት ደቃቅ እንስሳ በኩል መሆኑን ሳስብ፣ ሐይቅና አርዲቦ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃ የሚያይ ወጣት እንዲበዛ እመኛለሁ።

እሾሁስ? ምኑን ነው የምመለከተው?

ጃርት አይታችሁ ከሆነ ሥራው ቀሎላችኋል። የጃርት ወስፌ ሁሉ አንድ አይደለም። አንገት ላይ ያለው ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ወገቡ ላይ ያለው ወፍራምና ጠንካራ። ኬቶኖተስም እንደዚያ ነው። ስለዚህ «እሾሁ ረጅም ነው» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። የት ያለው? ከየትኛው ይረዝማል?

መጀመሪያ ርዝመቱ ከጭንቅላት ወደ ጅራት እንዴት እንደሚሄድ እዩ። ቀስ በቀስ ይጨምራል? ወይስ አንገት ላይ አጭር ሆኖ ጀርባ ላይ ድንገት ይረዝማል? አንዳንዶቹ ግንዳቸው ላይ ብቻ እንደ መቀነት የዞረ ረጅም እሾህ አላቸው፤ እነዚህ ዞኖኬታ በሚባል ንዑስ ጂነስ ስር ተመድበዋል። ሂስትሪኮኬቶኖተስ የሚባለው ንዑስ ጂነስ ደግሞ ስሙን ከጃርት ነው የወሰደው። ጀርባው ላይ ጎልተው የሚወጡ ረጃጅም እሾሆች አሉት፣ ቅርፊቶቹም ብዙውን ጊዜ ሦስት ቦታ የተከፈሉ ናቸው።

ቀጥሎ የእሾሁን ጫፍ እዩ። ቀጥ ብሎ ያልቃል ወይስ ከጫፉ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል ትንሽ ጥርስ አለው? ጥርሱ ሲኖር እሾሁ ጫፉ ላይ ሁለት የተከፈለ ይመስላል። ይሄ ጥርስ ዝርያ ከዝርያ ይለያል፣ እንዳያመልጣችሁ። ሥሩንም ተመልከቱ፤ ከቅርፊቱ መሃል ነው የሚነሳው ወይስ ከኋለኛው ጠርዝ?

የተሰበረ እሾህ እንዳያታልላችሁ። አንድ ብቻ አጭር ካያችሁ በሌላው ጎን ያለውን አቻውን እዩ።

እሾሁ ይታየኛል፣ ቅርፊቱ ግን አይታይም። ምን ላድርግ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እሾሁ ከሰውነቱ ዳር ወደ ውጭ ስለሚወጣ በ40 ሌንስ እንኳን ይታያል። ቅርፊቱ ግን ግልጽ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ የተኛውም ግልጽ በሆነ ገላ ላይ ነው። ብርሃኑን ሙሉ ለሙሉ ከከፈታችሁት ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመድረኩ ስር ያለውን ዳያፍራም (የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ) አጥብቡት። ምስሉ ጨለም ይላል፣ መስመሮቹ ግን ይወጣሉ። ፌዝ ኮንትራስት (ግልጽ ነገርን አጉልቶ የሚያሳይ የብርሃን ዘዴ) ያለው ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ግማሹ ችግር ተፈታ። ከሌላችሁ፣ ከኮንደንሰሩ (ከመድረኩ ስር ብርሃን ከሚሰበስበው ሌንስ) ስር ወፍራም ወረቀት በአንድ ጎን አስገብታችሁ የብርሃኑን ግማሽ ከልሉ። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ቅርፊቱ ጥላ ይጥላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘነብል ጦሳ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሸንተረር ቁልጭ ብሎ እንደሚታየው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ 100 ሌንስ ሂዱ፣ በኢመርሽን ዘይት። የምግብ ዘይት አትሞክሩ፤ ሌንሱን ታበላሻላችሁ።

ዋናው ዘዴ ግን ውሃውን ማሳነስ ነው። እንስሳው በከቨር ስሊፕ (በስሱ መሸፈኛ መስታወት) ስር እያለ፣ የሶፍት ቁራጭ ጫፍ በከቨር ስሊፑ ጠርዝ ላይ ነካ አድርጉት። ሶፍቱ ውሃውን ይጠጣል። ከቨር ስሊፑ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዓይናችሁን ከሌንሱ ላይ አታንሱ። መጀመሪያ እንስሳው መሮጡን ይቀንሳል። ከዚያ ጎኑን ማዞር ያቅተዋል። ከዚያ ጀርባው ጠፍጠፍ ሲል ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ አንገቱ ላይ ሁለት ሦስት፣ ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ። በዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው ፎቶ የምታነሱት፣ የምትቆጥሩት። ፎከሱን ቀስ እያላችሁ ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ሆድ አውርዱት። ሆዱ ላይ፣ በሁለቱ የጸጉር መስመሮች መካከል፣ ከጀርባው የተለየ ቅርፊት ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ሆዱን ሳያይ ነው የሚነሳው።

ውሃው ከዚያ በላይ ከቀነሰ እንስሳው ይፈነዳል። ያሳዝናል፤ ግን ያኔም አትነሱ። ቅርፊቶቹ ከቆዳው ተላቀው ዙሪያውን ይበተናሉ። ለብቻዋ ተዘርግታ የተኛች አንዲት ቅርፊት ስታገኙ ቅርጿን በደንብ የምታዩት ያኔ ነው፦ የፊት ጠርዟን፣ የኋላ ጎድጓዷን፣ እሾሁ የተነሳበትን ነጥብ። ወዲያው በእርሳስ ሣሏት። ፎቶ ብቻ አይበቃም። እጃችሁ ሲስል ዓይናችሁ ዘሎት የሄደውን ነገር ያገኛል።

መብራት ከጠፋባችሁ መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ አትናቁ። በመስኮት በኩል የሚመጣ የጠዋት ብርሃን እኔን ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል።

ይሮጥብኛል፣ አላርፍ አለኝ።

ማደንዘዝ ይቻላል። የጋዝ ውሃ ሮቲፈሮችን ለማደንዘዝ ከድሮ ጀምሮ ይሠራበታል። እኔም የሆደ ጸጉር ናሙና ላይ አንድ ጠብታ አምቦ ውሃ ከጠርዙ አስገባለሁ። ጠርሙሱ ገና የተከፈተ፣ ጋዙ ያልወጣ መሆን አለበት። ካልሠራ ውሃውን በሶፍት ወደ መቀነሱ ተመለሱ። በቃ።

ምን ልቁጠር? ምን ልለካ?

ሦስት ነገር ቁጠሩ። አንደኛ፣ ከላይ ሲታይ ጀርባው ላይ ከጭንቅላት ወደ ጅራት የሚወርዱ የቅርፊት ረድፎች ስንት ናቸው? ሁለተኛ፣ በአንዱ ረድፍ ውስጥ፣ መሃለኛውን ምረጡ፣ ስንት ቅርፊት አለ? ሦስተኛ፣ ጅራቱ ጋ፣ ሹካው ሥር፣ ከሌላው የተለዩ ቅርፊቶችና እሾሆች ስንት ናቸው? ረድፎቹ አንገት ላይና ወገብ ላይ እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱንም ቦታ ቁጠሩ።

ከመለኪያ ደግሞ የጠቅላላ ርዝመት፣ የጉሮሮ ርዝመት፣ የሹካ ርዝመት፣ የማጣበቂያ ቱቦ ርዝመት፣ በተለያየ ቦታ ያለ የቅርፊትና የእሾህ ርዝመት ያዙ። በጽሑፎች ላይ «ዩ 25» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ከጭንቅላቱ ጫፍ ተነስቶ የርዝመቱ 25 በመቶ ላይ ማለት ነው። እንስሳው 200 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ ዩ 25 ማለት ከጭንቅላቱ 50 ማይክሮሜትር ላይ ነው። ባለሙያዎች በዚህ የሚግባቡት ትንሽና ትልቅ እንስሳ ለማወዳደር ስለሚመች ነው።

በተቻለ መጠን ውስጡ እንቁላል የያዘ ለኩ። እንቁላሉ ትልቅ ስለሆነ አይሳታችሁም፣ እንስሳው ማደጉንም በዚያ ታውቃላችሁ። ከእንቁላል የወጣ ልጅ እጭ ሆኖ አያልፍም፤ ቅርፊቱን ለብሶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አዲስ የተፈለፈለውን የሌላ ትንሽ ዝርያ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

ራቁቱን ነው፣ ቅርፊት የለውም። ኢክቲዲየም ልበል?

ቆይ። ከሐይቅ ዳር ያመጣሁት የፊላ ፍቅፋቂ ላይ አንዲት 130 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነች እንስሳ አገኘሁ። ልሙጥ ነች። እሾህ የለም፣ ቅርፊት የለም። ዳያፍራሙን አጠበብኩ፣ ምንም። ማስታወሻዬ ላይ «ኢክቲዲየም» ብዬ ጻፍኩ፣ ከስሩም አሰመርኩበት።

እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ስላይዱን እንዳለ ትቼ ሄድኩ። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ውሃው በራሱ ቀንሷል፣ እንስሳዋም ጠፍጠፍ ብላ ተኝታለች። ከአንገቷ እስከ ሹካዋ ድረስ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ። የቆዳ እጥፋት መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን መስመሮቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም። ይቆረጣሉ፣ ይጀምራሉ፣ ይቆረጣሉ። እያንዳንዷ ጭረት የአንዲት ደቃቅ ቅርፊት ሸንተረር ነበረች። ሄተሮሌፒዶደርማ! ቅርፊቷ ራሷ ጭራሽ አትታይም ነበር፣ ሸንተረሯ ብቻ ነው የመሰከረችላት። ቶናው ቀርቦ «ና እንጂ!» እያሉኝ እኔ ጭረት እቆጥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ100 ሌንስ፣ ውሃውን አሳንሼ ሳላይ «ቅርፊት የለውም» ብዬ አልጽፍም። «ቅርፊት አላየሁም» ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዚያ ጻፉ።

ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጬ በኋላ ባየውስ?

ይጨማደዳል፣ ቅርጹ ይበላሻል፣ ጭንቅላቱ ይገባል። ሕይወት እያለው እዩት። ኮምቦልቻ የቀዳችሁትን በማግስቱ ደሴ አምጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ጠርሙሱን ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት፣ ክዳኑን አላሉት፣ ፀሐይ አታስመቱት።

መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ቁርጥ ነው። ስሙን ልጻፍ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እለምናችኋለሁ። የምናገኛቸው መለያ መጻሕፍት በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ በተገኙ እንስሳት ላይ የተሠሩ ናቸው። ከብራዚልም ጥሩ ሥራ አለ። የኛን ወንዝ ግን አያውቁትም። ከስድስት ነጥብ አምስቱ ቢገጥም፣ ስድስተኛው የቅርፊቱ ቅርጽ ሆኖ ካልገጠመ፣ ስሙ አልገጠመም ማለት ነው። «ይመስላል» ብላችሁ ጻፉ፣ የማይገጥመውንም ነጥብ በግልጽ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሌፒዶደርሜላ ስኳማታ በብዙ አገር ተገኝቷል የሚባል ዝርያ ነው። የዘረ መል ጥናት ሲመጣ ግን በዚያ አንድ ስም ስር በዓይን የማይለዩ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ሳይኖሩ እንደማይቀር አሳየ። ኬቶኖተስም ራሱ በዘረ መል ሲታይ የአንድ እናት ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበት ቤት አይደለም። ስለዚህ ቅርፊቱ የመጨረሻው ዳኛ ነው አልልም። በእጃችን ባለው ማይክሮስኮፕ ልናገኘው የምንችለው ምርጡ ምስክር ግን እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ማራባት ይቻላል?

ሌፒዶደርሜላን ይቻላል። ጥቂት የስንዴ ፍሬ በውሃ አፍሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ፍሬዎቹን ከነውሃው ትንሽ ሳህን ላይ አድርጉ፣ ጥቂት እንስሳት በፒፔት ጨምሩበት። ስንዴው ባክቴሪያ ያፈራል፣ እነሱ ባክቴሪያውን ይበላሉ። ዕድሜያቸው በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ወንድ ሳያስፈልጋቸው እንቁላል ስለሚጥሉ ከአንዲቷ ብቻ መንጋ ይወጣል። ለቅርፊት ቆጠራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአንዲት እናት ልጆችን አስር አስራ አምስት ቆጥራችሁ፣ ቁጥሩ በራሱ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል ታያላችሁ።

በስልክ ካሜራ ይሆናል?

ይሆናል። ስልኩን ዓይን መመልከቻው ላይ አስደግፉና ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ፎከሱን ቀስ እያላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ። በኋላ ቪዲዮውን እያቆማችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።

ናሙናዬ ደረቀብኝ። ልድፋው?

አትድፉት። ሆደ ጸጉሮች ሁለት ዓይነት እንቁላል ይጥላሉ። አንዱ ቶሎ ይፈለፈላል። ሌላው ወፍራም ቅርፊት አለው፤ ድርቀትም ብርድም ችሎ ይቆያል። የደረቀውን ጭቃ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጊዜ ስታገኙ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሩበትና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አንድ ጠብታ እየወሰዳችሁ እዩ።